ያልጣለውን በረዶ ስንረግጥ

ኩሮታኒ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በሃያኛው ቀን

ይድረስ ቶኪዮ ፎቅ ላይ ለተሰቀልከው አባዬ፤

ወገብህ እንዴት ነው? የእኔን ጤና አትጠይቅ፣ ኮርማ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሁለት ሰው ሸክም እንጨት ብቻዬን ከጫካ አወረድኩ። ማንም አላየኝም እንጂ ያየ ሰው ቢኖር ዘንድሮ ሌላ ወሬ አይወራም ነበር። ጽሕፈቴ ያው የዶሮ ጭረት ነው፣ አስተማሪው ተስፋ ቆርጦ የለቀቀኝ ልጅህ ስለሆንኩ ታግሰህ አንብብ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «በረዶ ከሌለ እዚያ ምን ትሠራለህ? ሃያ አራት ላይ ባቡር ያዝና ና፣ አለቃዬን አናግሬልሃለሁ» ብለሃል። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ የሆነውን ስማ።

በረዶው የለም አባዬ። ተራራው ጫፉ ላይ የሽማግሌ ፂም የምታህል ነጭ ነገር አለችው፣ በቃ። በሌላው ዓመት ይሄኔ ጣራ ላይ ነኝ። አሥራ አራቱን ቤት በአካፋዬ የማራግፍ እኔ፣ ዘንድሮ አካፋዬ ዝጎ ጥግ ይዟል። መንደሩም ዝም አለ። ለካ እኛ የምንገናኘው በበረዶ ነበር፤ ጣራ ስንጠርግ፣ መኪና ስንገፋ፣ መንገድ ስንረግጥ። አሁን ሁሉም በሩን ዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ አፍጧል።

የተራው ሰሌዳም ባለበት ቆመ። ወጉ ያው ነው፤ ሰሌዳው በሩ ላይ የተሰቀለበት ቤት ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ የገለባ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ሰው እንዲያልፍበት ከላይኛው ቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በረዶውን ይረግጣል። ከዚያ ሰሌዳውን ለቀጣዩ ቤት ያስረክባል። ሳይረግጥ አያስረክብም። ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲያልቅ ሰሌዳው የቀረው አያ ኢሳኩ በር ላይ ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእኛ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በረዶ ካልጣለ ሰሌዳው አይመጣም፤ ሰሌዳው ካልመጣ ፀሐይ እስክትሞቀኝ እተኛለሁ።

አያ ኢሳኩን ታውቀዋለህ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፣ ሕግ ካለ ሕግ ነው፣ ድመቱ እንኳ የምትበላው በሰዓት ነው። በረዶ ጥሎ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ቦቱን አጥልቆ ይወጣ ነበር። ዓመቱ በገባ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከቤቱ ጭስ አልወጣም። አይቻለሁ አባዬ። አይቼ «ሽማግሌው እንጨት እየቆጠበ ነው» ብዬ ተመልሼ ተሸፋፈንኩ። በማግስቱም ጭስ የለም። ያኔ በካልሲ ሮጥኩ።

ምድጃው አጠገብ ነበር፣ ቦቱን እንዳጠለቀ። በፊተኛው ቀን ደረጃው አንሸራቶት ዳሌው ተሰብሮ፣ እየተሳበ ገብቶ ብርድ ልብስ ጎትቷል። እሳቱን ግን መድረስ አልቻለም። ሞቷል ብዬ ስጠጋው ዓይኑን ገልጦ፣ «ጌንታ፣ ጫማህስ?» አለኝ።

በሩን ነቅዬ በሩ ላይ አስተኛሁት። ብቻዬን ነው የነቀልኩት፣ በአንድ ጉልበት። የአኩሪ አተሩን አይብ፣ ቶፉውን፣ ለሱቅ የሚያመጣው ሹፌር መኪናውን እስከ ደጁ አስጠጋልኝ። በረዶ ቢኖር ኖሮ መኪና እዚያ አይወጣም ነበር፤ ዘንድሮ ሰማዩን ያመሰገንኩት ለዚህ ብቻ ነው። መንገዱን ሙሉ ሽማግሌው እንደ ድንች ጆንያ አታንገላታኝ እያለ ሲሰድበኝ ከተማ ደረስን። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ቢጨምር አይተርፍም ነበር አለ። ለእኔ ነው የነገረው። ለሌላ ሰው ስናገር «ያዳንኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። አንተ ግን የጭሱን ነገር አሁን አውቀሃል።

አልጋው ላይ ሲያስተኙት እጄን ያዘኝ።

«ሰሌዳው እኔ በር ላይ ነው። ተራዬን አልረገጥኩም።»

«አያ፣ ምኑ ይረገጣል? አቧራ እኮ ነው።»

«ያልኩህ መንገዱን ነው፣ ሰማዩን አይደለም። አያትህ እንዲህ አልነበረም።»

አያቴን አነሳብኝ። እንግዲህ ምን ልበል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሐኪም ቤት ይዤ የተመለስኩትን የእሱን ቦት አጠለቅኩ። የእሱ እግር የሕፃን ነው፣ ጣቶቼ አለቀሱ። ከላይኛው ቤት ጀምሬ ደረቁን መሬት መርገጥ ያዝኩ። አቧራው ተነሳ፣ ውሻ ሁሉ ተከተለኝ። እትዬ ሃትሱ ከሱቋ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ምን ነካህ ጌንታ? ቁንጫ ነው የምትረግጠው?» አለች።

የአያ ኢሳኩን ተራ ነው አልኳት። የሆነውን ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ቶፉውን ሳይወስድ ሲቀር የሰለቸው መስሏት ነበር። ተቀመጠችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። አንድ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ከዚያ በየበሩ መናገር ነበረብኝ። አንዱ ቤት የምድጃው ቧንቧ ወልቋል፣ አንዱ ቤት ሻይ ካልጠጣህ አትወጣም፣ አንዱ ቤት ደግሞ ምንም የለም፣ ወሬ ብቻ ናፍቋቸዋል። አንድ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ እኩለ ቀን ላይ ጨረስኩ። በማግስቱ የእኛን ቤት ተራ ረገጥኩና ሰሌዳውን ለቀጣዩ አስረከብኩ። አይቀበሉኝም ብዬ ነበር። ተቀበሉኝ።

እትዬ ሃትሱ ተራዋ ሲደርስ በሰባ አንድ ዓመቷ ሻርፕ ተከናንባ፣ የጎማ ጫማ አድርጋ ወጣች። እየረገጠች በየበሩ «አላችሁ?» ትላለች። ከውስጥ «አለን!» ይላሉ። አንዱ «አለን፣ ግን ተኝተናል» ቢላት በሩን በርግጫ አለችው። ከዚያ ወዲህ የሚረግጥ ሁሉ እንደሷ ይጠራል። እሑድ ዕለት እንኳ ሳይጠራሩ ተሰብስበው የወንዙን ድልድይ ሳንቃ ቀየሩ። ከባዱን ሳንቃ ማን እንደያዘ አልነግርህም። ለአያ ኢሳኩም የሩዝ ቂጣ ወቅጠን ላክንለት። በጣም ጠጠረ ብሎ መልሷል፤ ድኗል ማለት ነው።

መልሴ ይኸውልህ። ሃያ አራት የአያ ኢሳኩ ተራ ነው፣ እሱ ገና አልጋ ላይ ነው። ሃያ አምስት የእኛ ተራ ነው። ሁለቱም በእኔ እግር ነው የሚረገጠው። ለአለቃህ ልጄ ሥራ በዝቶበታል በለው። ሥራ በእጄ ነው አባዬ፣ ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን የእኛን ተራ ስረግጥ ታች ስደርስ ነው ያወቅኩት፤ ከላይ እስከ ታች የመጣሁት የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዤ ነው። ቀኙን፣ አብረን ስንረግጥ ያንተ የነበረውን፣ ባዶ ትቼዋለሁ። በረዶ ቢኖር ሰው ሁሉ አይቶ ይስቅብኝ ነበር።

ፎቁ ላይ ስትወጣ ገመድህን እሰር። የገለባ ቦትህ ተበልቶ ነበር፣ በአዲስ ገለባ ሸምኜዋለሁ፤ ከእኔው ጎን በሩ አጠገብ ነው። ተራችን በየአሥራ አራት ቀኑ ነው። የተራራው አምላክ ከላይም ከታችም ይጠብቅህ።

አለሁ፣
የማይበገረው ልጅህ ጌንታ