ከፊት ተነሥቶ ወደ መጨረሻ የሄደው እንጨት

እኔ ሉሊት ንዋይ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በአሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ በኖርክሮስ ከተማ ከእናቴ ከወይዘሮ ፅጌረዳና ከወንድሜ ከፍፁም ጋር የምኖር፣ ዛሬ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ይህን ኑዛዜ በገዛ እጄ ጽፌ በምስክሮች ፊት አነባለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ያስገደደኝ የለም። የፊታችን ሐሙስ የልቤን ቫልቭ ሊቀይሩልኝ ደረቴን ይከፍታሉ። ሐኪሟ "አብዛኞቹ ይድናሉ" ብላኛለች። ከአብዛኞቹ አንዷ ብሆን ደስ ይለኛል።

እናቴ ወረቀቱን ስታይ "አንቺ ሟርተኛ! ማን ትሞቻለሽ አለሽ?" ብላ ልትቀደው ነበር። ለሰው ሁሉ ፎርም የሚሞሉት ጎረቤታችን አቶ ሙላው ናቸው ያስጣሏት። "ፅጌ፣ ተያት። በጆርጂያ ሕግ አሥራ አራት ዓመት የሞላው መናዘዝ ይችላል። ተናዞ የዳነ ስንት ሰው አለ!" አሏት። ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልግና የፈረመ ሰው እንደማይወርስ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለሁለቱ ምስክሮቼ፣ ለአቶ ሙላውና ለእናቴ ጓደኛ ለእትዬ አበባ፣ ከምስጋና በቀር የምተወው የለኝም።

ንብረቴ ጥቂት ነው።

በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋና የጆሮ ማዳመጫዬን ለፍፁም ሰጥቻለሁ። አልጋውን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ "አሞኛል" እያልኩ ከልክዬዋለሁ። አንዳንድ ቀን አላመመኝም ነበር።

አባቴ የጭነት ትራክ ይነዳል፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው። ሲመለስ ስልኬን ስጡት። የላከልኝን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱንም ሁለት ሦስት ጊዜ። መልሼ ያልደወልኩለት ምን እንደምለው ስለሚጠፋኝ ነው እንጂ ስለማልወደው አይደለም።

ለእናቴ ከደሴ ስንመጣ ያለበሰችኝን ቀይ ሹራብ መልሻለሁ። እማዬ፣ ምክር ለመስጠት ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ይህን ብቻ ስሚኝ። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ሲያመኝ "ጉንፋን ነው፣ ይለቅሻል" ስላልሽ በሽታው ወደ ልቤ እንደወረደ ታስቢያለሽ። ለሐኪሟ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ነበር። ራስሽን አትክሰሺ።

ዕዳ አንድ አለብኝ፤ እሱም የጓደኛዬ የሰልዋ ነው። እሷ አሁን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ለምን እንደጠራኋት አታውቅም።

አልጋዬ ሥር፣ በካልሲ ውስጥ፣ ሃያ አራት ትንንሽ እንጨቶች አሉ። ስማይርና ከተማ በምትኖረው አክስቴ ጓሮ ነፋስ ከጣለው ዛፍ ቆርጬ የሠራኋቸው ናቸው። እማዬ፣ ለሂሳብ ትምህርት ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በየእንጨቱ የተጫረው ምልክት ሩን ይባላል፤ የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ፊደል ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ብዙ ሰዎች ይጠነቁሉበታል፤ እኔም በሕመም ከትምህርት ቤት በቀረሁባቸው ወራት ከእነሱ ተማርኩ። እንጨቶቹን በተራ እደረድራለሁ፤ ጠያቂው የቁጥር ዕጣ ያወጣል፤ እስከዚያ ቁጥር ቆጥሬ የደረስኩበትን እንጨት እተረጉማለሁ።

እነዚያ ሰዎች ግን በተራው አይስማሙም። በተለመደው ተራ ከፊት የሚቆመው የከብት ምልክት ነው። ጥቂቶቹ "የተደበቀው እውነተኛ ተራ" የሚሉት ሌላ አላቸው፤ ከብትን ከፊት አንሥተው መጨረሻ ያቆሙታል። የሚንቀሳቀሰው አንድ እንጨት ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ ቁጥር ግን በአንድ ይቀንሳል። ማስረጃቸውን ጠይቄ አላውቅም። ደሴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታም ሀሁን ከጨረስን በኋላ በአቡጊዳ ተራውን ያፈርሱብን ስለነበር ነገሩ አልገረመኝም።

ባለፈው ሚያዝያ ሰልዋ እኔ ዘንድ መጣች። ያሳደጓት አያቷ ኮምቦልቻ ታመው ነበር።

"ሀራም እንደሆነ አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን አጎቴ ቲኬት ቡክ ላድርግልሽ ወይስ ከፈተና በኋላ ይሁን እያለኝ ነው። ላይክ፣ እንጨቶችሽ ምን ይላሉ?"

"ለጨዋታ ነው አይደል?"

"ለጨዋታ ነው። ግን የሚሉትን አደርጋለሁ።"

በተለመደው ተራ ደረደርኩ። ዕጣ አወጣች፤ አምስት። አምስተኛው እንጨት የመንገድ ምልክት ነበር። ሂጂ ማለት ነው። እሷ ምልክቶቹን አታውቃቸውም።

በዚያ ወር ደረጃ መውጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ከሰልዋ በቀር የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ከሄደች ደግሞ ክረምቱ ሳያልቅ አትመለስም። እጄን ዘረጋሁና የከብቱን እንጨት ከፊት አንሥቼ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ትክክለኛው ተራ ይሄ ነው። የሚስጥሩ።"

አምስተኛው አሁን ችቦ ሆነ። "ችቦ ማለት ባለሽበት አብሪ ማለት ነው። ቆዪ" አልኳት።

"ሹር ነሽ?"

"ሹር ነኝ።"

ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አያቷ ሞቱ። ለቅሶው ሳያልቅ እኔ ዘንድ መጥታ "አንቺ ምን ታደርጊ፣ እንጨት ምን ያውቃል" ብላ አጽናናችኝ። እሷ እኔን አጽናናች፤ እኔም ዝም ብዬ ተጽናናሁ።

የኔታ ተራውን የሚያፈርሱት ልጅ በሽምደዳ እንዳያታልል ነበር። እኔ ተራውን ያፈረስኩት ላታልል ነው።

ሰልዋ፣ እንጨቶቹ ሂጂ ብለውሽ ነበር። ቆዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እንጨት ያውቃል ብዬ አሁን አላምንም፤ ያን ቀን ግን አምን ነበር፤ በደሌን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ልነግርሽ እጀምርና ወሬ እቀይራለሁ። እንጨቶቹንና ሁለቱን ተራዎች የጻፍኩበትን ደብተር ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ብታቃጥያቸውም መብትሽ ነው።

ያነበብኩት እስከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ለምስክሮቹም አንብቤላቸዋለሁ።

እትዬ አበባ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። "እኔ በጥንቆላ ወረቀት ላይ ስሜን አላኖርም። የነፍስ አባቴን ምን ልላቸው ነው?" አሉ።

"አበባ፣ ልጅ ናት እኮ" አለች እናቴ።

"ልጅ ከሆነች ምን ያናዝዛታል?" ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

"እኔ ልፈርም?" አለ ፍፁም።

"አልጋውን ትተዋለሃ?" አሉት አቶ ሙላው።

"ኖ፣ ኖ። ይቅርብኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሰልዋ ማንበብ ከጀመርኩ አንሥቶ ከወለሉ ላይ ዓይኗን አላነሣችም ነበር። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

"እኔ እፈርማለሁ።"

"የኔ ልጅ፣ ከፈረምሽ እንጨቶቹን አትወርሺም" አሏት አቶ ሙላው።

"ገብቶኛል። አልፈልጋቸውም።" ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ሁሉ እንባ ነበር። "ሰጥተሽኝ ልትገላገይ ነው? ራስሽ ያዣቸው። ደግሞ ይቅር አላልኩሽም። እንዲህ ሆነሽ ደግሞ ልጣላሽ አልችልም። ከሆስፒታል ስትወጪ፣ ኢንሻአላህ፣ በደንብ አድርጌ እጣላሻለሁ። ስለዚህ መውጣት አለብሽ። ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

ፈረመች። በዚህም ምክንያት ስለ እንጨቶቹና ስለ ደብተሩ የተናዘዝኩት ቀርቷል። እንጨቶቹ ወደ ካልሲያቸው ተመልሰዋል፤ የከብቱ እንጨት ግን ከፊት ይሁን ከኋላ አላውቅም፣ አልደረደርኳቸውም።

ተናዛዥ፦ ሉሊት ንዋይ፣ ፈርሜያለሁ።

አንደኛ ምስክር፦ ሙላው፣ ጎረቤት። ስታነብ ሰምቼ፣ ስትፈርም አይቼ ፈርሜያለሁ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ሰልዋ ሙሀመድሰዒድ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከሐሙስ በኋላ ቀጠሮ አለን።