ሲሚንቶ የበላው አሻራ

ልጄ ሆይ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ ደህና ነን።

ግን ከአንቺ ጋር ምን ይሻለኛል? ለወንጀል ምርመራ ጥናትሽ ብዬ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ሦስት ጊዜ አሻራዬን ላኩልሽ፤ ሦስቴም «አባዬ፣ ግልጽ አይደለም፣ ድገመው» አልሽኝ። ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ስለስን ሲሚንቶው በልቶት እኔ ምን ላድርግ? እህትሽማ «አባዬ፣ ሌባ ብትሆን ኖሮ ማን ይይዝህ ነበር!» እያለች ትስቅብኛለች። ትናንት ተናድጄ ወረቀቱን ወረወርኩት። ማታ ስጸልይ ግን፣ ንዴቴ በአሻራው ነው ወይስ አንቺ በመራቅሽ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል።

ስለዚህ በፖስታ አልልክም፤ በቃኝ። ጣቶቼ እዚሁ ናቸው፤ ቀለምሽን ይዘሽ ነይና ራስሽ አስነኪኝ። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ