ቤቷን በበሬ ወደ አዳማ

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን፤ ቡልቡላ

ሞተሩ አብቅቶለታል። ከጠዋት ጀምሬ ፈታታሁት፤ ከሆዱ ውስጥ አንዱ የብረት ክንድ ተሰብሮ ጎኑን በስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው እጄን ያስገባል። ሦስት ቀን ሙሉ «ምናልባት» እያልኩ ማዳም ኤልሳን ሳጽናና ነበር፤ ዛሬ እጄን በጨርቅ ጠርጌ «አይሆንም» አልኳቸው።

ወደ ቤቷ ገብተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

ቤቷ የምለው መኪናዋን ነው። ለዘውዱ በዓል ከአውሮፓ የመጣች ካሚዮን ናት። ማዳም ገዝተው ከጀርባዋ ላይ የሳንቃ ቤት አሠሩባት፤ ሁለት መስኮት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ፣ በሽተኛ የሚያስተኙበት ጠረጴዛ። እሳቸው የዓይን ሐኪም ናቸው፤ እኔ ሾፌራቸውና አስተርጓሚያቸው። አራት ወር ሙሉ ከሻሸመኔ እስከ ዝዋይ ዞረናል።

ከሰዓት በኋላ ወጡና «መድኃኒቱን በበቅሎ እንጫን፤ ቤቷን እዚሁ እንተዋት» አሉ። ክረምቱን እዚህ ከከረመች ሳንቃዋን ምስጥ፣ ብረቷን ሰው እንደሚጨርሳት እሳቸውም ያውቃሉ። ድምፃቸው ያስታውቃል።

«አዳማ እናድርሳት» አልኩ። «ባቡር ጣቢያው ጋ ብረት የሚያውቁ ሰዎች አሉ።»

«በምን?»

«በበሬ።»

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከወጣ ግን ወጣ። በቀጥታ ወደ ገበሬው ኦቦ ሙዴ ቤት ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማዳም የእናታቸውን የዓይን ሞራ አንስተውላቸው ነበር፤ ዛሬ አሮጊቷ በረት ውስጥ ጥጃ ከጥጃ ይለያሉ።

ኦቦ ሙዴ እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ «ስምንት በሬ አገኛለሁ፤ አራቱ የራሴ፣ አራቱ የጎረቤት» አሉ። «ግን ስማኝ፣ አንተ ተሰማ። በእኔ መሬት ላይ የእርሻ ዝናብ ከጣለ በሬዎቼን ፈትቼ እመለሳለሁ። የትም ብንሆን።»

«የትም ብንሆን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲፱

ሸክም ለማቃለል ያወረድነው፦ ምድጃው። ሁለት የብረት ሣጥን። የውሃ በርሜሉ። ትርፍ ጎማዎቹ። የማዳም የመጻሕፍት ሣጥን (ሲወርድ ፊታቸውን አዞሩ)። ሁሉንም በአህያ ጫንነው፤ ከኦቦ ሙዴ ጎረቤቶች ሁለት ሰዎች ይነዱልናል።

ጥማዱ ግን! እነዚህ በሬዎች ሁለት ሁለት ሆነው ማረስ እንጂ አራት ጥማድ በአንድ መስመር መጎተት አያውቁም። የፊተኞቹ ወደ ቀኝ፣ የኋለኞቹ ወደ ግራ። ቦራ የሚባለው ጭራሽ ተኛ። ጠፍሩ ሁለቴ ተበጠሰ።

ማዳም ቦራ አጠገብ ሄደው ጎንበስ አሉና «እባክዎ ይሂዱ» አሉት። አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ ለባላባቱ «አንተ»፣ ለበሬው «እርስዎ»። ኦቦ ሙዴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እርስዎ ከተባለ ወዲያ የእኔን ጅራፍ ይሰማል እንዴ?» አሉ።

እውነትም ተነሣ። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

እኔ ከመሪው ፊት ተቀምጫለሁ። ሞተሩ ቢሞትም መሪውና ፍሬኑ ደህና ናቸው። ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬን መያዝ፣ ጉድጓድ ሲመጣ መሪ ማዞር፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ፊት ለፊቴ ስምንት ጭራ።

ብዙ አልሄድንም። ሄድን ግን።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳

ዛሬ በሬዎቹ ገባቸው። ረጅም መንገድ ሄድን፤ አዳሚ ቱሉን አለፍን። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ያጅበናል። «መነ ዴሙ!» ይላሉ፤ የሚሄደው ቤት ማለታቸው ነው። አንዲት ሴት በመስኮት አጮልቃ አልጋውን አየችና ለጓደኞቿ ልትነግር ሮጠች።

ኀፍረቴንም ልጻፍ። እኩለ ቀን ላይ ከአዲስ አበባ በኩል አንድ ካሚዮን መጣ። ሾፌሩ አበራ ነው፤ መንዳት አብረን የተማርን። ወርዶ በሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ተሰማ፣ ቤንዚኑ ድርቆሽ ሆነ?» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአዳማ ብቸኛው ባለ መለዮ ሾፌር እኔ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው!

ሲበቃው ግን መንገዱን ጠየቀኝ፤ ጠፍሩንም አየ። የራሱን ወፍራም ሰንሰለት ከካሚዮኑ አውርዶ ሰጠኝ። «አዳማ ስመለስ ትመልስልኛለህ» አለ። ሰንሰለቱ እስካሁን አልተበጠሰም። ሳቁን ይቅር ብያለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት ፳፩፤ ዝዋይ ዳር

ዛሬ ማርያም ናት። እኔ አልሠራም። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ኦቦ ሙዴም አይሠሩም። ማዳም ይህን ሲሰሙ «እሁድስ?» ብለው ጠየቁ። እሁድማ ጰራቅሊጦስ ነው አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ተነፈሱ።

ደግነቱ በሬዎቹም ደክመዋል። ሐይቁ ዳር ሣር ሞልቷል፤ እስኪጠግቡ ጋጡ። ዓሣ ከአጥማጆች አግኝተን ጠበስን። የበዓለ ኀምሳ ዓርብ ስለሆነ ጾም የለም፤ ሥጋም ቢገኝ በበላሁ።

ማዳም ግን ሥራ አልፈቱም። ቤቷ እንደቆመች ሰው ከበባት። ዓይናቸው የሚያለቅስ፣ ሽፋናቸው የተገለበጠ፣ ጭራሽ የማያዩ። እስከ ማታ ሠላሳ ያህል ሰው አዩ። እኔ በአማርኛና በፈረንሳይኛ መካከል፣ ኦቦ ሙዴ በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል። አንዱ ቃል ሁለት ድልድይ ተሻግሮ ነው ሐኪሟ ጋ የሚደርሰው። «ዓይኔን አሸዋ ሞላው» ያለው ሰውዬ ማዳም ጋ ሲደርስ አሸዋ ሻጭ ሆኖ ተገኘ።

ኦቦ ሙዴ ማስተርጎሙን ወደውታል። ደረታቸውን ነፍተው ነው የዋሉት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፳፪

ጥሩ መንገድ። ሜዳ፣ ግራር፣ አቧራ። ከቀትር በኋላ ግን ኦቦ ሙዴ ወደ ኋላ ማየት አበዙ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ቡልቡላ በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሏል።

«የእርስዎ መሬት ላይ ነው?» አልኳቸው።

«ገና ነው» አሉ።

እሁድ፣ ግንቦት ፳፫

ሰፈራችን አጠገብ ቤተ ክርስቲያን የለም። ብቻዬን ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸለይኩ። ኦቦ ሙዴ ተቆጥተዋል፤ አይናገሩትም እንጂ። «የእናንተ እሁድና የእኛ ዓርብ ሲደመር በሬዎቼ ሰቡ» አሉ። ቀልድ አይመስልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘነበ። እኛ ጋ ካፊያ ነው። በደቡብ በኩል ግን ሰማዩ ወደ መሬት የተሰፋ ይመስላል። ኦቦ ሙዴ ቆመው እስኪያባራ ድረስ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ነገ የመቂን ወንዝ አሻግርሃለሁ። ውሃው ከሞላ ወዲህ ማዶ ትቀራለህና። ከዚያ እመለሳለሁ።»

ቃላቸው ቃል ነው፤ ቃሌም ቃል ነው። ለማዳም ስነግራቸው «ልክ ናቸው፤ ልጆቻቸው መብላት አለባቸው» አሉ። እኔ ግን ከፍቶኛል። መቂ ማዶ ላይ ያለ ሞተርና ያለ በሬ ቆመን ታየኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት ፳፬፤ መቂ

ግንባሬ ላይ ሁለት ስፌት አለ።

ወደ መቂ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ትናንት በዘነበው ሙልጭልጭ ብሏል። ማዳም ከኋላ በእግራቸው ይመጣሉ። እኔ ፍሬን እንደያዝኩ ቀስ ብለን ጀመርን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ እግሬ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። የፍሬኑ ዘንግ ተቆርጧል።

ሰንሰለቱ ረገበ። ቤቷ በራሷ መውረድ ጀመረች። ፊት ለፊቴ ዳለቻና ቦራ፤ የኦቦ ሙዴ የገዛ በሬዎች። ጀርባቸው ላይ የተመለጠው ጠጉር ሳይቀር ይታየኛል። «ሽሹ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ በሬ ቀንበር ውስጥ ሆኖ ወዴት ይሸሻል?

መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ቤቷ በጎኗ ገባችበት። ሳንቃው ሲቀደድ፣ ጠርሙሱ ሲረግፍ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም። ሰንሰለቱ እንኳ አልተወጠረም።

ስወጣ ደም ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ኦቦ ሙዴ መጀመሪያ ወደ በሬዎቹ ሮጡ። ጉልበት፣ ሰኮና፣ ሽንጥ፤ ስምንቱንም አንድ በአንድ ዳበሱ። ከዚያ ነው ወደ እኔ የመጡት።

«ቀጥ ብለህ ብትወርድ ቤቷ ምንም አትሆንም ነበር» አሉ።

«በሬዎቹስ?»

የተቀደደውን ሳንቃ በእጃቸው ነካኩት።

ማዳም ግንባሬን ሰፉልኝ። የመድኃኒታቸው ግማሽ መሬት ፈስሷል። «ሁለት ዓይንህ ደህና ነው፤ ሌላው ይገኛል» ብቻ አሉኝ።

ያላሰብኩት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ኦቦ ሙዴ የጎረቤቶቻቸውን አራት በሬ ፈትተው አህያ ከሚነዱት ለአንደኛው ሰጡ። «ሂድ። መጀመሪያ የባለቤቶቹን መሬት እረስ፣ ከዚያ የእኔን ጀምርልኝ» አሉት። የራሳቸውን አራቱን ግን አልፈቱም። መቂ አማቾች አሏቸው፤ ልጃቸውን እዚህ ድረዋል። በትራቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሲመለሱ አራት በሬ እየነዱ ነበር።

«ኦቦ ሙዴ፣ ቃላችን…» አልኩ።

«ቃሌን አውቀዋለሁ» አሉ። «ውሃው ሳይሞላ እንሻገር።»

ቤቷን ከግራሩ አላቀቅን፤ አራት በሬ ከኋላ እየያዟት ቁልቁለቱን ጨርሰን ወንዙን ተሻገርን። ውሃው እስከ ጎማው ግማሽ ደረሰ እንጂ አልከለከለንም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፳፭

ቆመን ዋልን። የመቂ ቀጥቃጭ የተቆረጠውን ዘንግ በፍም አግሎ ገጠመልኝ። እንዲህ ያለ ብረት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን የድሬዳዋን የባቡር ቀጥቃጭ ያስንቃል። ለማንኛውም ብዬ ለቁልቁለት አንድ ከባድ ግንድ ከኋላ የሚታሰርበትን አዘጋጀሁ። በጎኗ ላይ የተቀደደውን በላም ቆዳ ሸፈንነው።

ከትናንት ጀምሮ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። የኦቦ ሙዴ ልጅ ወተት ይዛ መጣች፤ አልጠጣም ስላት አዘነች። ማዳም የእኔንም ድርሻ ጠጡ።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳፯

አዋሽ! ድልድዩ እንጨት ነው፤ እስክንሻገር ትንፋሼን ይዤ ነበር። በሬዎቹን ፈትተን ለብቻ አሳለፍን። የቀረውን ዕቃ ሁሉ አወረድን። ከዚያ መንገደኛው፣ ነጋዴው፣ ከብት ጠባቂው ገመድ ያዘ፤ ከአርባ ሰው አያንስም። አንዱ ዘፈን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። ድልድዩ አቃሰተ። እኔ መሪ ላይ ሆኜ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ደገምኩ።

ማዳም የመነጽራቸውን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፈው በእግራቸው ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ሁሉንም ሰው እየጨበጡ አመሰገኑ። ሁሉንም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፳፱፤ አዳማ

ደረስን።

ደረስን ብዬ ሁለቴ ልጻፈው። ከመድረሳችን በፊት ወሬው ደርሶ ነበር። የዓረቡ ሱቅ፣ የሕንዱ ሱቅ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሁሉም ባዶ፤ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር። ባቡሩ እንኳ ሲያልፍ እንዲህ አይወጣለትም። መለዮዬን አራግፌ አደረግኩ። በሬ ይጎትተኝ እንጂ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጣቢያው ጋ ያለው ግሪካዊ መካኒክ ጭንቅላቱን ሞተሩ ውስጥ ከትቶ ብዙ ቆየ። «ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ። ክንዱ ግን ከባሕር ማዶ መምጣት አለበት» አለ። መቼ? ትከሻውን ነቀነቀ። ሦስት ወር፣ አምስት ወር። ይሠራል ወይ? «ይመስለኛል።»

ማዳም ከዚህ የከፋ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። «ዓይን አዳማም ውስጥ ይታመማል» አሉ። ቤቷን ከጣቢያው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር አቆምናት። ገና ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሳናስገባ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተመርተው መጡ።

እሁድ፣ ግንቦት ፴

ኦቦ ሙዴ ዛሬ ጠዋት ሄዱ። ከቡልቡላ በኩል በበቅሎ የመጣ ጨው ነጋዴ ትናንት አግኝቷቸው «መሬትህ መታረስ ጀምሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሏቸዋል። ፊታቸው ያበራ ነበር። ማዳም ለእናታቸው የዓይን መድኃኒት ሰጧቸው፤ እኔ ምን እንደምሰጥ ጠፋኝ። ጋቢዬን አለበስኳቸው። ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁኝ፤ ግማሹ አልገባኝም፤ አሜን አልኩ። አራቱን በሬ እየነዱ እስኪጠፉ አየኋቸው። የአማቾቻቸው አራቱ አብረው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ አስካለ «ይቺን ጉደኛ አሳየኝ» አለች። አራት ወር ቤቴ አልገባሁም፤ ትናንትም ያናገረችኝ በቁጡ ድምፅ ነው። ማዳም በሩን ከፍተው «ይግቡ» አሏት።

ገባች። መደርደሪያውን በጣቷ ነካች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። የላም ቆዳውን አየችና ግንባሬን አየች። ታሪኩን ከተማው ሁሉ ነግሯታል። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ዝቅ ከፍ ብላ ሞከረችው።

«ቤት የሚሄድ ከሆነ» አለች፣ «ሚስት ለምን ትቀራለች? ሞተሩ ሲሠራ እኔም እሄዳለሁ። ለማዳም ሴቶቹን የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ዛሬ እንኳ አንዷ አንተን አፍራ ሻሿን አልፈታም ብላ ተመልሳለች።»

እውነቷን ነው፤ አንዷ ተመልሳለች። ማዳም የተባለው ባይገባቸውም አስካለን እያዩ ነበር።

«እንዲህ በቀላሉ…» ብዬ ስጀምር አስካለ ተነሥታ የማዳምን ጨርቆች ማጠፍ ጀምራለች። ማዳምም የቀሩትን አቀበሏት።

አስካለ አብራን ትሂድ ወይ ብዬ ነገ ጠዋት በፈረንሳይኛ እጠይቃቸዋለሁ። እንዴት እንደምጀምር ገና አላውቅም።