ያልተላከው ራጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3፡15

ዛሬም «አልተላከም» ይላል። በቀይ። ሰባተኛ ቀኑ። ኬብሉን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ቀይ።

እስካለፈው ማክሰኞ ደህና ነበር። ራጁን እኔ እዚህ ወገዳ ሆስፒታል አነሳለሁ፤ ምስሉ በኔትወርክ ሄዶ ሩቅ ከተማ ያለ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት ላይ ያርፋል፤ ስፔሻሊስቱ አንብቦ በሰዓታት ውስጥ ይመልሳል። አሁን ከዚህ ክፍል አልፎ የሚሄድ ነገር የለም።

የኔታ ልሳነ ወርቅ በር ላይ ናቸው። የዜማ መምህር። ደረታቸውን ያነሳሁት በዚያው ማክሰኞ ነው። እግራቸው አብጧል፤ ጥቂት ተራምደው ይቆማሉ። የኛ ዶ/ር ልባቸው ሰፍቶ ታየው፤ ምክንያቱን ግን እርግጠኛ አይደለም፣ ስፔሻሊስት ይየው አለ። ደብረ ታቦር ይሂዱ ቢባሉ፣ በዚህ መንገድ ተንገጫግጬ ከምሞት መልሱን እጠብቃለሁ አሉ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡40

ከስብሰባ ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ራጅ ለምን አይላክም አለ። ጌታነህ ተነሳ፤ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። «ማሽኑ ደህና ነው። የተበላሸችው ሴትዮዋ ናት።» ሳቁ። አዋላጇ እንኳ። ነካክተህ ነበር ወይ ሲባል፣ ምንም አልነካሁም አለ።

ደብተሬ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ይህን ካልመለስኩለት የእናቴ ልጅ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 5፡00

ሰርቨሩ ያለበት ቦታ ደወልኩ። ብርሃኑ የሚባል ሰው አነሳ። ትዕግሥተኛ። አላሾፈብኝም፤ እሱ ራሱ ብርቅ ነው።

ፒንግ አድርጊ አለኝ። ለካ ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብሎ መጣራት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በከፈትኩት ጥቁር መስኮት የሰርቨሩን ቁጥር ጻፍኩ። «አለሁ» አለ፤ አራት ጊዜ። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። የተዘጋው በሩ ነው።

ጻፍኩት፤ ሰዓቱንም። ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የከብት ሌባ እንደሚከተል ሰው ዱካ እየለቀምኩ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፒንጉ ሲመለስ መጀመሪያ የታየኝ የጌታነህ ፊት እንጂ የኔታ አይደሉም። አፈርኩ። ትንሽ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 4፡30

እነብርሃኑ የሰርቨሩን መዝገብ አዩ። የኛ ኮምፒውተር ያንኳኳል፤ ሰርቨሩ አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል። ለምን? ብርሃኑ ነገ አጣርቼ እደውላለሁ አለ።

የኔታ ዛሬ በተማሪዎቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው መጡ። ጋደም ማለት አልቻሉም፤ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት።

«ልጄ፣ ያ ሥዕሌ እስካሁን መንገድ ላይ ነው?»

«አዎ የኔታ፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እኔስ እታገሥ ነበር። ትንፋሹ ነው እንቢ ያለኝ።»

ወደ አሮጌው የፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ንዴቱ ተመለሰ፤ ከልቅሶው ይሻላል። ስወጣ በመስኮት ጌታነህን አየሁት። ፀሐይ እየሞቀ ቆሎ ይቆረጥማል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 4፡10

አገኘሁት!! ብርሃኑ ደወለ። የኮምፒውተርሽ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር መጨረሻው ስንት ነው አለኝ። 47 አልኩ። «እኛ የምናውቃችሁ በ20 ነው» አለ።

የሥልጠና ጊዜ ያነሳሁትን የስክሪን ፎቶ ከስልኬ ፈለግኩ። አለ፤ 20። ማን ለወጠው? ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። ራውተሩ፣ ኔትወርክ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ሌላ ነው! አዲስ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ። አዲሱ ራውተር ደስ ያለውን አድራሻ ሰጥቶታል፤ ሰርቨሩ ደግሞ የማያውቀውን አያስገባም። ራውተር የሚቀይር እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ምንም አልነካሁም ያለው።

ብርሃኑ እየነገረኝ አድራሻውን በእጄ ወደ 20 መለስኩ። ላክ የሚለውን ተጫንኩ። አረንጓዴ።

8፡30

መልስ መጣ። በልባቸው ሽፋን ውስጥ ውሃ ሳይቋጠር አልቀረም፣ ልቡን እያፈነው ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ አልትራሳውንድ ወዳለበት ይላኩ ይላል። ዶ/ሩ ሮጠ። አምቡላንስ ተገኘ። የኔታ አሁን ስለ መንገዱ አልተከራከሩም። ይህ ደግሞ ከሁሉ አስፈራኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 7፡00

ተማሪያቸው ከደብረ ታቦር ደወለ። ውሃው ተቀድቷል። ተኝተዋል፣ ጋደም ብለው። ተመስገን። ኩላሊታቸው ግን ተጎድቷል፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ተብሏል። ቢመጡ ኖሮ! ዘጠኝ ቀን በሬ ላይ ነበሩ።

በጌታነህ ላይ የአቤቱታ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ቀን በቀን፣ ፎቶ በፎቶ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 10፡20

ጌታነህ መጣ። በሩን ዘጋ። ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን ሰምቷል። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ራውተር ተቀይሯል፤ ምስል መላኩ ተሞክሮ ተረክቤያለሁ።» ከሥሩ ፊርማዬ።

የኔ ነው። በዚያ ማክሰኞ ሕመምተኛ ተሰልፎ እያለ የወረቀት ክምር አምጥቶ ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ። ምንም አልሞከርኩም።

«የሺ እህቴ፣ ሁለታችንም ዝም እንበል። አንቺም እንጀራሽ ነው።»

ሆዴ ባባ፤ ለራሴ። እንዳስብበት ፎቶ ላንሳው አልኩት። ደስ አለው፤ ወረቀቱን ራሱ ዘርግቶ ያዘልኝ። ጅል። የሱም ፊርማ አለበት። ምንም አልነካሁም ያለው ሰው ፊርማ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 2፡40

ስብሰባው 3፡00 ላይ ነው።

ወሰንኩ። ደብዳቤው በኔ ጥፋት ይጀምራል፦ ሳላነብ፣ ሳልሞክር ፈርሜያለሁ፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ከዚያ የሱ ይቀጥላል። የወረቀቱንም ፎቶ አትሜ አያይዤዋለሁ። የሚያስፈራራኝበት ነገር በእጁ እንዳይቀር።

ይቅር በይ የሚሉኝ ይመጣሉ። የኔታ ከአልጋ ሲነሱ እሳቸው ይበሉኝ፤ ያኔ እሰማለሁ። ዛሬ አይደለም።

ሦስት ቅጂ አትሜያለሁ። አንዱ ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱ ለዞኑ ጤና መምሪያ። ሦስተኛው ለጌታነህ ነው፤ መጀመሪያ የምሰጠው ለሱ ነው፣ በእጄ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። የእግሩ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል፤ እሱ ነው። ልነሳ።