በረዶ የሌለበት ጭማቂ

ድሬዳዋ፣ ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጠዋት ባንክ ሄጄ ነበር። የበረዶ ቤታችን ሞተር አርጅቷል፤ አዲስ ለመግዛት ብድር ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ብድር ክፍል ያለው ሰሎሞን የሰፈራችን ልጅ ነው። ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባባ ስባሪ በረዶ ይሰጠው ነበር።

"ብሔራዊ ባንክ ወለዱን ቀይሮታል" አለኝ። "ለኅብረት ሥራ ማኅበር ቀንሷል፣ ለግል ጨምሯል። እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ አዲስ አበባ ነው የሚወሰነው።"

በዚህ ወለድ ከተበደርኩ በረዶው መወደዱ ነው። በመንገዴ ሁሉ የማስበው አባባን ነበር። የጅቡቲው ባቡር ሊገባ ሲል በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ ጋሪ ላይ ይጭናል፣ እኔን ከላይ ያስቀምጠኛል። ጣቢያ እስክንደርስ ቀሚሴ ርሶ ብርድ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት በብርድ የተንቀጠቀጠች ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስመለስ ለጎረቤታችን ለአው ዩሱፍ ነገርኩት። ለጭማቂ ቤቱ በረዶ የሚወስደው ከአባባ ጊዜ ጀምሮ ከእኛ ነው።

"አንቺ ከጨመርሽ እኔም ጭማቂው ላይ ልጨምር ነው" አለ። "ሰውስ ከየት ያመጣል?"



አመሻሽ ላይ አንድ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ይዞልኝ መጣ። በረዶ የለበትም።

"እስቲ ቅመሺው" ብሎ ፊቴን እያየ ቆመ።

ቀመስኩት። ይጠጣል።

"አይጠጣም" አልኩት።