የማውቀው ጀርባ

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሰባት ቆጥሬ ጠፋብኝ። እንደገና።

ኦቦ ቶሎሳን በሆዳቸው አስተኝቼ ከአንገታቸው ሥር ጀምሬ አጥንት እቆጥራለሁ። አከራዬ ናቸው፤ ከሰባ አልፈዋል፤ ለፈተና የምለማመድበት ሌላ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ መንገድ ይስታል። "ማል ታቴ ጉርባ፣ ምን ሆንክ?" አሉኝ። አንድ አጥንትዎ ጎድሏል፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሄዷል መሰለኝ አልኳቸው። ሊስቁ ሲሉ ወገባቸውን ያዛቸው።

ስማ ደብተር። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ቢሆንም የማሳጅና የፊዚዮቴራፒ ረዳት ትምህርቴን እዚሁ ሰበታ ጨርሻለሁ። የቀረኝ የብቃት ምዘናው፣ ሲ.ኦ.ሲ. ነው። እሱን ያላለፈ ወረቀት የለውም፣ ወረቀት የሌለው የሰው ገላ አይነካም። የጽሑፉን አልፌያለሁ (እንዴት ብለህ እንዳትጠይቀኝ)። የተግባሩ ኅዳር 13 ቡራዩ ነው። ካለፍኩ ሱሉልታ፣ የሯጮች ካምፕ። አብራኝ የተማረችው ፀጊ እዚያ ናት። ማሳጅ የሚሠራ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፣ ትንሽ ይጠብቁሃል ብላኛለች።

ሱሉልታ። ስጽፈው ራሱ ይበርዳል።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

አንተ ፀጋነሽን አታውቃትም። የገዛሁህ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ከሆሳዕና የመጣች ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ከሥራ መልስ ትማር ነበር። ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንለማመደው። ወንዱም ሴቱም ጎዶሎ ስለነበር ወንድና ሴት የተጣመርነው እኛ ብቻ። አሥራ አንድ ወር እኔ የሷን ጀርባ፣ እሷ የኔን።

መምህሩ አጥንቶቹ ላይ በማርከር ነጥብ አድርጉ ይለናል። አንድ ቀን በነጥብ ፋንታ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ብዬ ጻፍኩባት። ቤት ሄዳ ልብስ ስትቀይር እህቷ አነበበችላት። ሦስት ቀን ዘጋችኝ። በአራተኛው ቀን ኦቦ ቶሎሳ ስታጠብ አይተው የኔን አነበቡልኝ፦ "ይህ ቤት አይሸጥም።" መች እንደጻፈችው አላውቅም። ሳሙና አላስነካሁትም። በራሱ ጊዜ ለቀቀ።

እሷ መጀመሪያ ተፈትና አለፈች። ሄደች። አሁን ታክሲ ውስጥ እጄን ኪሴ ስከት ጣቴ ብቻውን ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የሷ ላይ አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

ኅዳር 8፣ አርብ፣ ከምሳ በኋላ

ደወለች። ሯጮቹ ከልምምድ ሲመለሱ ተሰልፈው ይጠብቋታል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስታሽ ቀኝ ጎኗ ይደነዝዛታል። ደመወዝ ሲወጣ ይለቅሻል አልኳት። ሳቀች፣ አጭር ሳቅ። መች ነው የምትመጣው አለች። አለቃሽ ሆኜ ስለምመጣ ከአሁኑ አንቱ ማለት ተለማመጂ አልኳት። "ና እንጂ" አለችኝና ዘጋች።

ሁለት ቃል። ይዤው በተፍኪ መንገድ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ምንም ጉዳይ የለኝም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። ኦቦ ቶሎሳ ዛሬ አልተኛም አሉ፤ ቆጥረህ ቆጥረህ ጨረስከኝ። ግን ነገ ዋቃ ይርዳህ ብለው መረቁኝ። ሳልቀልድ አሜን አልኩ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት፣ ከቡራዩ ስመለስ ታክሲ ውስጥ

ወደቅኩ።

ክፍሉ ከትናንት የተረፈ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሁሉም ያስላል። የምንመረምረው ሰው የሚመደበው በዕጣ ነው። የደረሰኝ የግቢው ጥበቃ፣ የድሮ ወታደር። ሸሚዙን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። መዛኟ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ያየኸውን ተናገር አሉ። አየሁ፣ ቆጠርኩ፣ ተናገርኩ፦ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል፣ የጀርባ አጥንቱ መሃል ላይ ወደ ግራ ይጎብጣል።

ሴትዮዋ ሰውየውን ዞረው አዩት። ከመሳቢያ ቱምቢ አወጡ፣ ግንበኞች ግድግዳ የሚለኩበትን። ክሩን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ለቀቁት። ከአጥንቱ አንድም ቦታ አልሸሸም። አሁንስ? አሉኝ።

ክሩ ነው የተጣመመው አልኩ።

የቀለድኩ መሰላቸው። ደብተር፣ አልቀለድኩም። ጠማማ ሆኖ ነው የታየኝ።

ጥበቃው ዞሮ "አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰልፍ ቆሜ ጠማማ ያለኝ የለም" አለ። መዛኟ ግን አልሳቁም። ስንት ሰው ላይ ነው የተማርከው አሉ። አንድ። አብራኝ የተማረች ልጅ ናት አልኩ። ያቺን አንዷን ሣላት ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴ በሚያውቀው መንገድ ከአንገት ወደ ወገብ መስመር አወረድኩ። ስገልጥ ወረቀቱ ላይ ያለው እንደ እንጦጦ መንገድ የሚጠማዘዝ ነገር ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ይላል? አሉ። ኩራት ነበር የመሰለኝ። ጎኗን ይደነዝዛታል? አሉ።

አርብ በስልክ ያለችኝን፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ማሸቷን ጭምር፣ ነገርኳቸው።

ውጤቱ ላይ "ገና ብቁ አይደለም" ጻፉ። በሌላ ብጣሽ ደግሞ ራጅ ትነሣ ብለው ጽፈው ሰጡኝ። በዚህ ዕድሜዋ በጊዜ ከታየ መላ አለው፣ ዝም ከተባለና እንዲያ ጎንበስ ብላ ከሠራች ግን እየባሰ ይሄዳል አሉ። አንተም ሃያ ጀርባ ቆጥረህ ተመለስ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ሦስቴ ቁጥሯን አወጣሁ፣ ሦስቴ አጠፋሁ። እሷ የተፈተነች ሰሞን ድምፄን አጎርንኜ ደውዬ ውጤትሽ ተሰርዟል ብያት ነበር። ፋብሪካው ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። አሁን እውነት ይዤ በየትኛው ድምፅ ልደውል?

በአካል።

ኅዳር 17፣ እሁድ፣ 9 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ከቸርች እስክትወጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ስታየኝ ሮጠች፣ ከዚያ ሰው መኖሩን አስታውሳ ረጋ አለች። መውደቄን ነገርኳት። የሚጠብቁልኝ ቦታ ትናንት ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገረችኝ፤ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ። ሌላውንም ነገርኳት። እጄን አየች፣ ኪሴን አየች፣ ስልክ ደብቄ የምቀርጻት መስሏት። ወረቀቱን ሰጠኋት። "ይኼን ደግሞ በማን አስጻፍከው?" አለች። ቀልዱ እስኪመጣ ጠበቀች፣ አልመጣም። ያኔ ፊቷ ተለወጠ።

አሥራ አንድ ወር እጅህ ሥር ነበርኩ፣ እንዴት አላየህም አለችኝ።

"ቀጥ ያለ ማለት አንቺን መስሎኝ" አልኳት።

ወረቀቱን እንደገና አነበበች። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማክሰኞ ዕረፍት ነኝ፣ ለራጁ አብረኸኝ ትሄዳለህ አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ስለዚህ፦ ማክሰኞ ራጅ። ረቡዕ ቡራዩ፣ ድጋሚ ምዝገባ። እስከዚያ ሃያ ጀርባ። ካምፕ ድረስ ወስዳ ሯጮቹን ለመነችልኝ፤ መቁጠር ብቻ፣ ማሸት የለም ብላ አስጠንቅቃኛለች። የመጀመሪያው ልጅ ማሊያውን አውልቆ ቆሟል። እሷ ከበሩ ላይ ሆና ታየኛለች።

ጠማማ መሰለኝ። ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው።