የወይዘሮ ዓሊያ አብዱልሃዲ ኅልፈትና ሳንፈርመው የቆየው መመሪያ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

የይፋት ቆላ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ከፍተኛ ተቆጣጣሪ የነበሩት ወይዘሮ ዓሊያ አብዱልሃዲ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ንጋት ላይ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ጽሕፈት ቤታችን የተሰማውን መሪር ሀዘን ይገልጻል። ሀዘኑ ከእፍረት ጋር የተቀላቀለ መሆኑንም መሸሸግ አልፈለገም።

ወይዘሮ ዓሊያ በ2002 ዓ.ም. በውኃ ናሙና መርማሪነት ሥራ ጀመሩ። ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ካራቆሬ ያልረገጡት የጉድጓድ ጣቢያ የለም፤ ባጃጅ ባጡ ቀን የናሙና ሣጥናቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይገቡ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የፓምፖቹና የክሎሪን መጨመሪያዎቹ ቁጥጥር ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ሲዛወር፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል መጠቀሙን በጽሑፍ የተቃወሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. በአንድ ጣቢያ ክሎሪኑ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ። ወይዘሮ ዓሊያ ሲያጣሩ፣ ተረኛው ቀብር ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ቃሉም ከሰው ወደ ሰው አልፎ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው እጅ መግባቱን ደረሱበት። ቀብር የቀረ ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለንና ተረኛውን ለመውቀስ የደፈረ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል እንዲይዝ፣ ተረኛውም ተተኪ ሳይመጣ ለቀብርም ቢሆን ከጣቢያ እንዳይወጣ የሚያዝ መመሪያ አረቀቁ። «ሰው አትቅበሩ አለችን» ተብለው ታሙ። ጽሕፈት ቤታችንም ሐሜቱን ፈርቶ ረቂቁን «ይታያል» እያለ ሁለት ዓመት አስቀመጠው። እሳቸው ግን ሰኞ ሰኞ መጠየቃቸውን አላቋረጡም።

ሐሙስ በተፈጸመው የቀብር ሥርዓታቸው ላይ የሦስት ጣቢያ ተረኞች ሥራቸውን ጥለው ተገኝተዋል። እኛ ኃላፊዎቹም አይተናቸው ዝም ብለናል። ለአራት ሰዓት ያህል ሲስተሙን ማን ይዞት እንደቆየ እስካሁን አልታወቀም፤ በአንደኛው ጣቢያ የክሎሪኑ መጠን ተቀንሶ ተገኝቷል። ከጣቢያዎቹ የተወሰደው የውኃ ናሙና ውጤት እስኪገለጽ ድረስ ነዋሪዎች ውኃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ፣ ለሕፃናትም እንዳትሰጡ አጥብቀን እናሳስባለን።

መመሪያው ትናንት ተፈርሟል። ከዛሬ ጀምሮም ይሠራበታል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሷሊሕ፣ ለልጃቸው ለፈይሩዝ፣ ለዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦች ሁሉ አላህ ሶብሩን እንዲሰጣቸው፣ የእሳቸውንም ማረፊያ ጀነት እንዲያደርግላቸው እንለምናለን። ለቅሶ ለመድረስ የምትሄዱ ሠራተኞች በተራ እንድትሄዱ እያሳሰብን፣ አቶ ሷሊሕ በእኛ በኩል የላኩላችሁን ቃል ሳንጨምር ሳንቀንስ እናደርሳለን፦

«ያልመጣውን አልቀየመውም። ዓሊያ ታማ ተኝታ እንኳ ‹ጣቢያው ላይ ማን አለ?› ስትለኝ ነው የሰነበተችው። ተረኛ የሆነ ሰው እዚህ ደጅ እንዳይደርስብኝ፤ ከመጣ ወላሂ ቁጭ በል አልለውም።»